በር ላይ የሚቃና ነጠላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እፎይ ያልኩበት ቀን የለም። ጎረቤቶቼ ቤቴን ጤና ጣቢያ አድርገውታል። አንዱ «ሲስተር ውዴ፣ ግፊቴን ለኪኝ» ብሎ በጠዋት በር ያንኳኳል፤ አንዷ ከአዲስ አበባ የተላከላትን መድኃኒት ይዛ መጥታ «ይሄ ለምንድን ነው የሚሆን?» ትለኛለች። ለምን እንደሆነ ካላወቅሽው ማን ላኩልኝ በዪ አለሽ? ሲሸኙኝ የሰጡኝ ስጦታ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የግድግዳ ሰዓት፤ ያውም በየሰዓቱ የሚጮህ። ዕድሜ ልኳን የማሽን ጩኸት ሲያደነቁራት ለኖረች ሴት የሚጮህ ሰዓት! ባትሪውን አውጥቼ ሰቅየዋለሁ። አብረው የሰጡኝን ጋቢ ግን ወድጄዋለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ከሁሉ የሚያናድዱኝ «ስንት ሰው አዳንሽ?» የሚሉኝ ናቸው። ኧረ እኔ ማንንም አላዳንኩም! እኔ ሰው ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ለሳምንታት፣ ለወራት ለሚተኛ ሰው የእኛ ሥራ ማገላበጥ ነው። በግራ ጎኑ፣ በጀርባው፣ በቀኝ ጎኑ። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከሥር ትራስ ማስገባት፣ የጆሮውን እጥፋት ማየት፣ አፉን ማጽዳት፣ ዐይኑን መክደን ካቃተው ቅባት ቀብቶ መሸፈን፣ አንገቱ ላይ የገባውን የመተንፈሻ ቱቦ አክታ እንዳይደፍነው በመምጠጫ መምጠጥ። ድንገተኛ ክፍል ያሉት ይሮጣሉ፣ ያድናሉ፣ ይመረቃሉ። እኛ ጋ ግን ወር ተኝቶ ጀርባው ያልቆሰለ ሰው ካያችሁ ያ ነው ምርቃታችን፤ ያንን ደግሞ ገልጦ የሚያይ የለም።

ሥራ የጀመርኩት ፈረስ ቤት ነው፤ ብርዱ እስካሁን ከጉልበቴ አልወጣም። ከዚያ ቡሬ ወረድኩ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መጣሁ፣ እዚሁ ቀረሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ሰላምታዬን አላበላሽም። ስለ ደመወዙም አታንሱብኝ። አለቃ ግን ስንቱን አየሁ! አንደኛው መብራት በጠፋ ቁጥር ስብሰባ የሚጠራ ነበር። እኛ ማሽኑ ቆሞብን በእጃችን ፊኛ እየጨመቅን ሰው እናስተነፍሳለን፤ እሱ በር ላይ ቆሞ «ቢያንስ አንድ ተወካይ ላኩ እንጂ» ይላል። ፊኛውን ያዝልኝና እኔ ልሂድ ስለው ተቀይሞኝ ከረመ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሲስተር ፋንታነሽ ናት፤ ነፍሷን በገነት ያኑራት። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ነበረች። ጠዋት ስትገባ ከማንም በፊት በሽተኛው ዘንድ ትሄዳለች። ራሱን ይወቅም አይወቅም ግድ የላትም። «ደህና አደርክ? ፋንታነሽ ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ገብርኤል ነው። ውጭ ደመና አለ። አሁን ወደ ቀኝህ ላዞርህ ነው» ትለዋለች። ከዚያ ታዞረዋለች። ሳትናገር ሰው የነካችበትን ቀን አላየሁም። ተለማማጅ ሐኪሞቹ ከኋላዋ ይሳሳቁ ነበር። እኔም አንድ ቀን «ሲስተር፣ አሁን ይሄ ሰውዬ ይሰማል?» ብያት «አንቺስ ትሰሚያለሽ? ዝም ብለሽ ያዢልኝ» አለችኝ።

አንድ ሕግ ነበራት። እዚህ አልጋ ላይ ያለ ሰው አይዋሽም። «ውጭ ያለውን ዓለም የሚያውቀው በእኛ አፍ ነው። እሱንም ከዋሸነው ምን ቀረው?» ትላለች። ይህ ሕጓ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶናል።

ያኔ ክፍሉ ገና ክፍል አይባልም፤ ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነበር። ከመራዊ አንዲት ወላድ መንጋጋ ቆልፍ ይዟት መጣች። ብርሃን ሲነካት ትንዘፈዘፋለች፣ ድምፅ ሲነካት ትንዘፈዘፋለች። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ጫማችንን አውልቀን በካልሲ እየሄድን ስንት ጊዜ አስታመምናት። ሰውነቷ ላላ፣ መንጋጋዋ ተከፈተ፣ ፈሳሽ መዋጥ ጀመረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጄስ?» የሚል ሆነ። ሕፃኑ አያቱ ጋ ከሞተ ሰንብቷል። ቤተሰቡ አትንገሩብን ብሎ ለምኗል። ፋንታነሽ ግን እጇን ይዛ ነገረቻት።

አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ አልጋው ያኔ ግድግዳውን ታክኮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳዪ ብላት አትስልም፣ ዋጪ ብላት አትውጥም። ሳንባዋ ተመታ፣ ከእጃችን ወጣች። እውነቱ ይሁን በሽታው የገደላት እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሏ ግን ፋንታነሽን ደጅ ላይ ጠብቆ «አንቺ ነሽ የገደልሻት» አላት። በማግስቱ ስገባ የክፍሉን አልጋዎች በሙሉ ብቻዋን እየጎተተች ከግድግዳ አላቅቃ፣ ራስጌያቸውን ወደ ውስጥ፣ ግርጌያቸውን ወደ በሩ አዙራቸዋለች። «ከእንግዲህ እኔ ባለሁበት ቤት ሰው ወደ ግድግዳ አይተኛም። የሚገባና የሚወጣ ሰው ይይ» አለች። ሕጓን ግን አልቀየረችም። እሷም ጡረታ ወጥታ፣ አዲስ ክፍል ተሠርቶ፣ ግማሹ መስታወት የሆነ በር ከተገጠመልን በኋላ እኔ አልጋ የማዞረው በእሷ ልማድ ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ ረገሙኝ፤ ሐኪሞቹ «ሲስተር ውዴ ደግሞ በአልጋ አቅጣጫ ታምናለች» እያሉ አላገጡብኝ። ይቀልዱ።

እንግዲህ ደምለው የመጣብን በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ነው። ከቡሬ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ በቆሎና በርበሬ ያመርታል፣ የአዊ ወገን ነው፣ ገና ጎልማሳ። አንድ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ አለው። በሁለተኛው ቀን ወገቡ፣ ከዚያ እጁ፣ ከዚያ ትንፋሹ። ሐኪሞቹ ረጅም የፈረንጅ ስም ይሰጡታል፤ እኛ «ወደ ላይ የሚወጣው» እንለዋለን። የዚህ በሽታ ክፋቱ አእምሮን አይነካም። ሰውዬው ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያያል፣ ግን ከዐይኑ ቆብ በቀር የሚያንቀሳቅሰው የለውም። ደግነቱ ደግሞ፣ በትዕግሥት ከተያዘ እንደወጣው ይወርዳል። ትዕግሥት ግን የወራት ነው።

በዐይኑ ተግባባን። አንድ ጊዜ መክደን አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በፋንታነሽ ደንብ «ደህና አደርክ፣ ደምለው? ውዴ ነኝ» ብዬ ቀኑን፣ ታቦቱን፣ የሰማዩን ሁኔታ እነግረዋለሁ። ከዚያ ጥያቄዬን እደረድራለሁ። «አመመህ? ልገልብጥህ? በረደህ? የሺን ነው?» የሺ ሚስቱ ናት። የሺ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይከድናል። እሷም ከበሩ አትጠፋም፤ ገብታ በሹክሹክታ የበሬውን፣ የልጆቹን፣ የበርበሬውን ስትነግረው የልቡ ምት ማሽኑ ላይ ረጋ ሲል እናየው ነበር። አንድ ቀን ልብስ ልትቀይርና ልጆቹን ልታይ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ።

ወሬውን ያመጡልኝ የደምለው ታላቅ ወንድም አያ አድማሱ ናቸው። ኮሪደር ላይ ቆመው ከነገሩኝ በኋላ ወዲያው «እንግዲህ ሲስተር፣ እንዳይሰማ» አሉኝ።

«አያ አድማሱ፣ እኔ በሽተኛ አልዋሽም።»

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በዪ ነው የምንል። መርዶ ወግ አለው። በማለዳ ነው የሚነገር፣ በቤቱ ነው፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ባለበት። ተኝቶ፣ አንገቱ ተበስቶ፣ ቀና ማለት ለማይችል ሰው ሚስትህ ሞተች ይባላል? እጁን አንሥቶ ደረቱን መምታት አይችልም እኮ!»

ይሄ የመጨረሻው ነገር አፌን ዘጋው። ወጣቱ ሐኪማችንም ከእሳቸው ጋር ወገነ፤ ከመተንፈሻ ማሽኑ ልናላቅቀው ልምምድ በምንጀምርበት ሰዓት ተስፋ ከቆረጠ አለቀልን አለ። የመራዊዋ ሴት ትዝ አለችኝ። እሺ አልኩ። አልዋሽም፣ ግን ዝም እላለሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ከጥያቄዎቼ መካከል «የሺን ነው?» የሚለውን አወጣሁት። ደምለው ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ዐይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቀረ። ከክፍሉ ወጥቼ ዕቃ ቤት ገባሁና ብቻዬን አለቀስኩ፤ ከዚያ አያ አድማሱን ረገምኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትርምስ ነው ደሜን ያፈላው። ሐዘንተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚለብሰው፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይዞራል። የደምለው ጠያቂ ደግሞ አገር ነው። ሁሉም አዘቅዝቀው ይመጣሉ፣ በራችን ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አውልቀው ያቃናሉ፣ ጥቁር ሻሻቸውን ጉያቸው ይከታሉ፣ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ፈገግ ብለው ይገባሉ። ሲወጡ ደግሞ እዚያው በር ላይ መልሰው ያዘቅዝቃሉ። ኮሪደሩ የልብስ መቀየሪያ ሆነ! ኦክሲጅን የሚገፋው ልጅ ማለፊያ አጣ። «ኧረ በእናታችሁ፣ ግቢው ላይ ቀይሩ!» እላለሁ፤ «እሺ ሲስተር፣ እሺ እሜቴ» ይሉኛል፤ በማግስቱ ያው ናቸው። ከሁሉ የባሱብኝ የየሺ እናት እማ ጠጄ ነበሩ። የገዛ ልጃቸውን ቀብረው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከቡሬ ተነሥተው መጥተው፣ በሩ ላይ ነጠላቸውን ያቃናሉ። ገብተው ግንባሩን እየዳበሱ በአዊኛ የሆነ ነገር ይሉታል፤ ቀጥለው በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማው መሰለኝ፣ «የሺ በርበሬውን እያስለቀመች ነው፣ ሰላም ብላሃለች» ይላሉ። ያን ስሰማ ግድግዳውን በጭንቅላቴ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ደምለው ግን አልተበሳጨም። ሚስቱን መፈለግ አቆመ። የሺ ስትባል የልቡ ምት አይረጋም፣ አይፈጥንም። እኔም ለመደው ብዬ ተመስገን አልኩ። አርባዋ ዕለት ጠያቂ የሚባል ድርሽ አላለም፤ ሁሉም ተዝካር ላይ ነው። ደምለው ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያይ ዋለ። አመሻሹ ላይ ዐይኑን ጠርጌ ቅባት ቀባሁለት፣ ዐይኑ የደረቀ መስሎኝ።

ካርባው በኋላ ባለ አንድ ቀን ጣቱ ላይ የምናደርገው መለኪያ ወልቆ አልጋው ሥር ገባ። አጎንብሼ፣ ተንበርክኬ፣ ወገቤን እያማረርኩ አወጣሁት። ስነሣ ፊቴ ከትራሱ እኩል ሆነ፣ ጉንጬ ጉንጩን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። እሱ የሚያየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ቦታ ሆኜ አየሁት። ከፊቴ በሩ፣ በሩ ላይ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ እማ ጠጄ። የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን አወለቁ። አገላበጡት። አቃኑት። ዐይናቸውን ጠረጉ። ፈገግታቸውን አስተካከሉ።

ያን ሁሉ ጊዜ! አገር ሙሉ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ሐዘኑን ፊት ለፊቱ እያወለቀ ሲገባ፣ ሲወጣም ፊት ለፊቱ መልሶ ሲለብስ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ሆነን ይሄን መስታወት የምናየው ወደ ውስጥ ብቻ ነው፤ የተኛ ሰው ወደ ውጭ ያይበታል ብሎ ያሰበ የለም። ሁሉም ሚስጥር የጠበቀ መስሎት ነበር።

እማ ጠጄን ትንሽ ይቆዩ ብዬ በሩን ዘጋሁና ተመለስኩ። «ደምለው፣ ታውቃለህ እንዴ?» አልኩት።

አንድ ጊዜ ከደነ።

«የሺን?»

ከደነ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ፤ ጠረግሁለት።

«ልንገራቸው? ማወቅህን ልንገራቸው?»

ሁለት ጊዜ። እንደገና ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጎ።

«እስከ መቼ?» አልኩ፤ እኔም ሞኝ፣ እስከ መቼ ተብሎ በዐይን ቆብ ይመለሳል? ወጥቼ እማ ጠጄን አስገባኋቸው። የሺ ሰላም ብላሃለች አሉት። አንድ ጊዜ ከደነላቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ተመስገን፣ አልጠረጠረም» በሚል ዐይን አዩኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም! እነሱ ለእሱ ይዋሻሉ፣ እሱ ለእነሱ ይዋሻል፣ ውሸት ያልወደድኩት እኔ በመሃል ቆሜ የሁለቱንም እጠብቃለሁ። ፋንታነሽ ብትኖር እጄን ቆንጥጣ ታወጣኝ ነበር።

ሐኪሙ የፈራው ግን አልሆነም። ደምለው ከማሽኑ ለመላቀቅ ሲለማመድ አይቼው የማላውቀው ጉልበት አሳየ። ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ እናላቅቀዋለን፤ ደረቱ ይታገላል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ይበቃሃል? ስለው ሁለት ጊዜ ይከድናል። ሰነፍ ቀን ነበረው፣ ወደኋላ የተመለሰበት ሳምንትም ነበረው። ጣቱ ተነቃነቀ፣ ትከሻው ተነቃነቀ። በመጨረሻ ማሽኑን ወደ ጥግ ገፋነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንገቱን ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ደፍነን በአፉና በአፍንጫው አስተነፈስነው። ይሄ ማለት ድምፅ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ሐኪሙ «ስምህን ተናገር» አለው፣ ደምለው ራሱን ነቀነቀ። አልችልም ማለቱ መሰለን።

አያ አድማሱ ኮሪደሩ ላይ ሆነው ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ቤቱ ሲገባ መርዶውን የሚነግሩትን ሽማግሌዎች መምረጥ ጀምረዋል። እማ ጠጄ በር ላይ ነጠላቸውን አቃኑ፣ ገቡ፣ ግንባሩን ዳበሱ።

«የሺ ሰላም ብላ...»

«እማ» አለ ደምለው።

ሁላችንም ክው አልን። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን ድምፅ ነው።

«እማ፣ ነጠላዎን ያዘቅዝቁት።»

«ማን ነገረህ?» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። እሱ ዐይኑን ወደ በሩ ላከ። መስታወቱን አዩት፤ ከወዲያ በኩል አያ አድማሱ የጠያቂዎቹን ጥቁር ሻሽ ታቅፈው ቆመዋል።

እማ ጠጄ ነጠላቸውን አወለቁ። እዚያው ፊቱ፣ ቀስ ብለው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዞሩት። ከዚያ እሱ ማንሣት ያቃተውን እጅ አነሡና የራሱን ደረት መቱለት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። «የሺዬ!» አሉ። እሱም «የሺዬ!» አለ።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ። «ሲስተር፣ ጸጥታ! እዚህ ክፍል ለቅሶ አይፈቀድም እኮ!» ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በሉ ስል የኖርኩት እኔ «ዛሬ ይፈቀዳል» አልኩትና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጠያቂው ሁሉ ነጠላውን ሳያቃና ገባ። ለቅሶ አክታ ያበዛል፤ ስለዚህ እኔ መምጠጫዬን ይዤ ራስጌው ቆምኩ። ሲያለቅስ ቆይቶ ሲያፍነው የቱቦውን ክዳን አነሣለሁ፣ እመጥጣለሁ፣ እደፍነዋለሁ፣ እንደገና ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ጭምብሌ ሲረጥብ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በልማዴ አልጋው ዘንድ ሄድኩ። ለአገሩ ሁሉ አርባው አልፏል፤ የእሱ ሐዘን ግን ገና መጀመሩ ነው።

«ደህና አደርክ፣ ደምለው? ውዴ ነኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ውጭ ፀሐይ ነው። ላንተ የየሺ ሣልስት ነው። አሁን ወደ ቀኝህ ላዞርህ ነው።»

«እሺ» አለኝ፣ በድምፁ።